ከቤታችን አጠገብ የተሳሉት ሁለቱ

ባለፈው ዓመት ግንቦት ላይ ለሰርግ መካነ ሰላም ሄጄ ሳለሁ የእህቴ ልጅ የምታስተምርበትን የሕፃናት ትምህርት ቤት ካላየሽ ብላ ይዛኝ ሄደች። በሩ ላይ ስንደርስ ከልጆቹ ጫጫታ በፊት ሽታው ደረሰኝ፤ በውኃ የራሰ ነጭ አፈርና የግራር ሙጫ። ቀለም መግዣ ስለሌለን ከአፈር ነው የምንሠራው አለችኝ። ዘዴውን እርሷ የፈጠረችው መስሏት ደስ ብሏታል። ሃያ የሚሆኑ ልጆች ወለሉ ላይ በተነጠፈ ሰፊ ወረቀት ዙሪያ ተንበርክከው ሰፈራቸውን አንድ ላይ ይስላሉ። አንዱ የሌላውን ጣራ ይረግጣል፤ አንዷ የጎረቤቷን ላም ቀለም ትቀባለች። የእህቴ ልጅ ብሩሽ ሰጠችኝና፣ አክስቴ፣ አንቺም የድሮ ቤታችሁን ሳዪልን አለች።

ብሩሹን ተቀበልኩ። ልጆቹ ቦታ ለቀቁልኝ። ከዚያ ወገቤን አመመኝ ብዬ ተነሥቼ ወጣሁ። ወገቤን አላመመኝም። ለእህቴ ልጅ ያልነገርኳትን ነው እዚህ የምጽፈው።

ስድስት ዓመቴ ነበር። አባቴ ቄስ ነበሩ፤ ቤታችን ከደብሩ ዝቅ ብሎ፣ ዙሪያው በድንጋይ የታጠረ፣ ባለ ሁለት ክፍል የሣር ቤት ነው። በዚያ ዓመት መጀመሪያ ላይ ትልልቆቹ ሁሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ንጉሡ ወረዱ፣ ንጉሡ ወረዱ ይሉ ነበር። እኔ የማውቀው መውረድ አንድ ነው። የእኛ አገር ደጋ ስለሆነ ሰው የሚወርደው ወደ ዓባይ ቆላ ነው፤ የሚወርደውም ማሽላ ሊሸምት ነው። አጎቶቼ ሲወርዱ ሳምንት ቆይተው አህዮቹን ጭነው ይመለሱ ነበር። ስለዚህ ንጉሡም እህል ቸግሯቸው መሆን አለበት ብዬ አሰብኩና አንድ ማታ እራት ላይ፣ አባ፣ ንጉሡ ማሽላውን ሸምተው መቼ ይመለሳሉ ብዬ ጠየቅኋቸው። አባቴ የሳቁም የደነገጡም መሰሉ። ይህን ከቤት ውጪ እንዳትጠይቂ አሉኝ።

ጥቂት ወራት ቆይቶ ከደሴ በኩል በመጣ የጭነት መኪና ዘማቾች መጡ። አዲስ አበባ የተማሩ ልጆች ናቸው፤ ገበሬውን ሊያስተምሩ፣ ስለ መሬት ሊናገሩ ነው የመጡት። ከመካከላቸው አንዲት ቀጭን፣ ሱሪ የለበሰች ወጣት ወደ እኛ ወደ ልጆቹ ቀርባ ስሜ ንግሥት ነው አለችን። ንጉሡን ፍለጋ መምጣቷ እንደሆነ ለመገመት ጊዜ አልፈጀብኝም። አዘንኩላት። ወደ ቆላው የሚወስደውን መንገድ በጣቴ አሳየኋት፤ እርሷ ግን መልከዓ ምድሩን የማሳያት መስሏት፣ አዎ፣ በጣም ያምራል አለችኝ።

እትዬ ንግሥት እንላት ጀመር። ከከተማው ዳር የአንድ ባላባት የእህል መጋዘን ነበረ፤ ባላባቱ ከጠፉ ወዲህ ባዶውን ቆሟል። ዘማቾቹ መጋዘኑን በሰሌን ለሁለት ከፈሉት። በወዲያ በኩል ካለፈው ዓመት ረሃብ የተረፉ፣ ከምሥራቁ ቆላ የመጡ ቤተሰቦች ተጠግተውበታል። በወዲህ በኩል እትዬ ንግሥት ለትምህርት ያልደረስነውን ልጆች ሰብስባ መዋያ ከፈተች። የከተማው ልጆችና የችግረኞቹ ልጆች አንድ ላይ ነበርን። እናቴ መጀመሪያ አልወደደችውም። አባቴ ግን፣ ልጅ ከልጅ ጋር ቢውል ምን ይሆናል ብለው ፈቀዱ።

እናቴ የፈራችው ያለ ምክንያት አልነበረም። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት አባቴ አንድ መንገደኛ አምጥተው ቤታችን አሳድረው ነበር። ሰውየው ያተኩሰው ነበር። እርሱ ድኖ ሄደ፤ ታናሽ ወንድሜ ዓለሙ ግን በሳምንቱ ታመመ፣ በአሥራ አምስት ቀኑ ሞተ። ተስቦ ነው ተባለ። እናቴ ከዚያ ወዲህ በራችን ላይ ሰው ሲቆም ከውስጥ ሆና ነበር የምታነጋግረው። አባቴ ይህን ያዩ ነበር፤ ግን ምንም አይሏትም።

መዋያው ውስጥ ከአጠገቤ የምትቀመጠው ዘሀራ ትባላለች። ዕድሜዋ እኔን ያህላል፤ ቁመቷ ግን ከእኔ ያንሳል። ፀጉሯ እንደ እኛ ጥቁር አልነበረም፤ ወደ ቀይ ያደላ፣ ሳሳ ያለ፣ ፀሐይ ሲያርፍበት መዳብ የሚመስል ነው። ሂና የተቀባች መስሎኝ ቀናሁባት። ቤት ሄጄ እናቴን የእኔንም ፀጉር እንደ ዘሀራ ቀይ አድርጊልኝ ብዬ አለቀስኩ። እናቴ እጇን አፏ ላይ ጫነች፤ ቀጥሎ ባልገባኝ ምክንያት ቁንጥጫ አሳረፈችብኝ። ያ ቀለም ከረሃብ የሚመጣ መሆኑን ያወቅሁት ትልቅ ሰው ከሆንኩ በኋላ ነው።

እትዬ ንግሥት ፊደል ከማስቆጠሯ በፊት ሥዕል ልታስለን አሰበች። የእርዳታ ዱቄት የመጣበትን የአቡጀዲ ከረጢት እየተረተረች፣ ከወዲያ በኩል ያሉት ሴቶች እየሰፉላት፣ የመጋዘኑን አንድ ግድግዳ የሚሸፍን ሸራ ተሠራ። ከሰፊዎቹ አንዷ የዘሀራ እናት ነበረች። ረጅም ናት፤ ስትሰፋ ክሩን በጥርሷ ትበጥሳለች። አንድ ቀን እግሬን እሾህ ወግቶኝ ሳነክስ አየችኝና ጠርታ ጉልበቷ ላይ አስቀምጣ በመርፌዋ አወጣችልኝ። አብሽሪ ብርቄ፣ አብሽሪ፣ ወጣ እኮ ትለኝ ነበር። ስሜን ከዘሀራ ሰምታ መሆን አለበት።

ቀለሙን እኛ ነበርን የምናመጣው። ቀዩን አፈር መንገዱ ከተቆረጠበት ገደል፣ ቢጫውን ከወንዙ ዳር፣ ነጩን እናቶቻችን ግድግዳ ከሚለቀልቁበት ጉድጓድ፣ ጥቁሩን ከከሰል። ለአረንጓዴ የግራዋ ቅጠል እንወቅጣለን። ሰማያዊ አላገኘንም፤ ስለዚህ ሥዕላችን ሰማይ አልነበረውም። ብሩሻችን ጫፉ የታኘከ መፋቂያ ነው።

አፈሩ ሸራው ላይ እንዲይዝ እትዬ ንግሥት መጀመሪያ የስንዴ ዱቄት በውኃ አፍልታ ሙጫ ሠራች። ለሁለት ለሁለት አንድ አንድ ጣሳ ሰጠችን። እኔና ዘሀራ በአንድ ጣሳ ነበርን። ትንሽ እንደቆየን ጣሳችን ባዶ ሆነ። ዘሀራ ጣቷን እየከተተች ትልስ ነበር፤ በችኮላ አይደለም፣ ቀስ ብላ፣ ሸራውን እያየች። ልጆቹ ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ። እትዬ ንግሥትም ምን እንዳሳቀን ልታይ ፈገግ እንዳለች መጣች። ጣሳውን አየች፤ ከሰሌኑ ወዲያ የመጡትንም ልጆች አየች፣ እነርሱም ጣሳቸውን ባዶ አድርገውታል። ፈገግታዋ ፊቷ ላይ እንዳለ ደረቀ። በማግስቱ ዱቄቱን ገንፎ አድርጋ ለሁላችንም አበላችን፤ ለቀለሙ ደግሞ የግራር ሙጫ እንድንለቅም ላከችን።

ሸራው ላይ የምንስለው አገራችንን ነው አለች። አንድ ሰው ብቻውን የሚስለው አይደለም፤ የሁላችንም ነው፤ እያንዳንዱ ቤቱን ይሥራ። ገበያውን፣ ደብሩንና መስጊዱን አንድ ላይ እንሠራለን። በዚህ ሥዕል ላይ ቤት የሌለው ሰው አይኖርም፤ ዛሬ የምንስለው ነገ እውነት ይሆናል አለችን። ዘማቾቹ እንዲህ ይናገሩ ነበር። እኔ ግን ቃል በቃል ነው የያዝኩት።

የእኛን ቤት ትልቅ አድርጌ ሣልኩት፤ ከደብሩ ጋር ሊስተካከል ምንም አልቀረው። አጥሩን፣ ውሻችንን፣ አባቴን ከነጥምጥማቸው ሠራሁ። ዘሀራ መፋቂያዋን ይዛ ቆማ ነበር። ምነው አትስይም ብትላት እትዬ ንግሥት፣ ቤታችን እዚህ አይደለም፣ እዚህ ሸራ ላይ አይደርስም አለች። እኔ ያኔ ሳላስብ፣ ከእኛ ቤት አጠገብ ተሳዪ አልኳት። እናትሽም ትምጣ፤ የእኛ ቤት ሰፊ ነው፤ የዓለሙ መኝታም ባዶ ነው።

እትዬ ንግሥት እጄን ይዛ ወደ ላይ አነሣችው። ብርቄ ያለችውን ሰማችሁ አለች፤ ሁሉም አጨበጨቡ። ሌሎቹን ዘማቾች ጠርታ ነገረቻቸው፤ አንዱ መነጽር ያደረገ ልጅ ራሴን ደባበሰኝ። በሕይወቴ እንዲያ ተመስግኜ አላውቅም ነበር። ዘሀራ ከበራችን አጠገብ ሁለት ሰው ሣለች፤ አንዱን ረጅም፣ አንዱን አጭር፣ እጅ ለእጅ ተያይዘው። ፀጉራቸውን በቀዩ አፈር ነው የሠራችው። ሁለቱም በእኛ አጥር ውስጥ ናቸው።

ይህን ለእናቴ አልነገርኳትም። ሥዕል ስለሆነ ምንም አይደለም ብዬ ነበር፤ ደግሞም እውነት ሊሆን ነው ብዬም አምን ነበር። ሁለቱ ነገሮች እንዴት አንድ ላይ ጭንቅላቴ ውስጥ እንደኖሩ አላውቅም።

ሰኔ ገባና ዝናቡ ጀመረ። በዚያው ሰሞን አባቴ የአጎታቸውን ሞት ሰምተው ለቅሶ ወደ ወግዲ ሄዱ። ከሰሌኑ ወዲያ ያሉት ሰዎች ማሳል ጀመሩ፤ ሁለት ሦስቱን ያተኩሳቸው ነበር። የጤና ሠራተኛ መጥቶ የታመመና ልጆች አንድ ጣራ ሥር እንዳያድሩ አለ። የት እንደሚያድሩ ግን አልተናገረም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ዝናቡ በኃይል ሲወርድ ውሻችን ጮኸ። እናቴ በመስኮቱ ቀዳዳ አየች። እኔም በብብቷ ሥር ሾልኬ አየሁ። ዘሀራና እናቷ አጥራችን በር ላይ ቆመዋል። የዘሀራ እናት ጥቅልል ተሸክማለች፤ ኩታዋ ርሶ ሰውነቷ ላይ ተጣብቋል፤ በአንድ እጇ አጥሩን ይዛ ነው የቆመችው። ዘሀራ ወደ በራችን እየጠቆመች ትነግራታለች።

እናቴ ከመስኮቱ ራቀች። ፊቷ ልክ ዓለሙ የሞተ ሌሊት እንደነበረው ሆነ። ትከሻዬን ያዘችና ቀስ ብላ፣ ውጪና፣ ቤት ማንም የለም በያቸው አለችኝ። በሩን ከፈተችልኝ። እርሷ ከበሩ ኋላ ቆመች።

ወጣሁ። ዘሀራ ስታየኝ ሳቀች፤ ያ ሳቋ አሁንም ዓይኔ ላይ አለ። እናቷ፣ እንደምን ዋልሽ ብርቄ፣ እናትሽ አሉ ወይ አለችኝ። ቤት ማንም የለም አልኳት። ከኋላዬ በጣራው ክፍተት ጭስ ይወጣ ነበር። አየችው። ከዚያ ዓይኖቿን ወደ እኔ መልሳ፣ በዝግታ፣ ምንም የምትለምን ሳትመስል፣ "ልጄ ካንቺ ጋር ነው የምትስለው፣ ጋበዘችን ብላኝ ነው" አለች።

እናቴ ማንም የለም በይ አለችኝ እንጂ ሌላ ቃል አላዘዘችኝም። የቀረው የራሴ ነው። እናቴ ከበሩ ኋላ ትሰማለች፤ የጋበዝኳቸው እኔ መሆኔን ልታውቅ ነው። ዘሀራን አየኋት።

"አላውቃትም" አልኩ።

ዘሀራ ሳቋን አላቆመችም፤ የምቀልድ መስሏት ነበር። እናቷ ግን የልጇን ትከሻ ይዛ ወደ መንገዱ አዞረቻትና ለእኔ፣ "አብሽሪ ልጄ፣ ቤት ተሳስተን ነው" አለችኝ። በጭቃው መካከል እየተደገፉ ሄዱ። ውሻው እስከ መታጠፊያው ድረስ ሸኛቸው።

ስገባ እናቴ እሳት ትቆሰቁስ ነበር። ምን እንዳሉኝ አልጠየቀችኝም፤ እኔም አልነገርኳትም። ያን ዕለት እራት ስታቀርብልኝ ከወትሮው የበለጠ ሽሮ አወጣችልኝ። በላሁት።

በማግስቱ ጠዋት ከሁሉም ቀድሜ መዋያው ደረስኩ። ሸራው ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል፤ ነጩ አፈር በገንቦ ተበጥብጦ ተቀምጧል። መፋቂያ ይዤ መጀመሪያ ረጅሟን፣ ቀጥሎ አጭሯን ለቀለቅሁ። ቀዩ ፀጉር በነጩ ሥር አልጠፋ ስላለኝ ሁለት ጊዜ ደገምኩበት። ለምን እንዳደረግሁት ብዙ ጊዜ ራሴን ጠይቄአለሁ። ያኔ ያሰብኩት ይህን ብቻ ይመስለኛል፤ ሥዕሉ ላይ ከሌሉ ጋብዣቸው አላውቅም።

እትዬ ንግሥት ያን ቀን ሥዕሉን አላየችም። ሌሊቱን ከበሽተኞቹ ጋር ነው ያደረችው። ከእኛ ቤት ተመልሰው የመጋዘኑ ታዛ ሥር የተቀመጡትን ዘሀራንና እናቷን አግኝታ አስገብታቸው ነበር። ዘሀራም ከሰሌኑ ወዲያ እናቷ አጠገብ ዋለች። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ከወዲያ በኩል ልቅሶ ተሰማ።

ነገሩን ከሥዕሉ ጋር ያያያዝኩት ወዲያው ነው። የምንስለው እውነት ይሆናል ተብለናል። እኔ ሰረዝኳት፤ ሞተች። አጭሯንም ሰርዣታለሁ፤ ቀጥላ የምትሞተው ዘሀራ ናት። ያን ሌሊትና በማግስቱ ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ከዚያ በኋላም ለብዙ ዓመታት ያፈርኩት በነጩ አፈር ነበር፤ ልጅ ነበርኩና በተሳሳተው ነገር አፈርኩ። ነጭ አፈር ሰው አይገድልም። በሩ ላይ ያልኩትን ቃል ላስበው የደፈርኩት በጣም ቆይቼ ነው።

የከተማው ሙስሊሞች ገንዘው ቀበሯት። አባቴ ያን ቀን ከወግዲ ሲመለሱ መንገድ ላይ ቀብሩን አግኝተው፣ ከበቅሎ ወርደው አፈር አልብሰው ነበር። ማታ እራት ላይ ይህንኑ ነገሩን። አንዲት ረጅም ሴት ናት አሉ፣ ልጅ ትታ የሄደች። ለመጠለያ ሰው ቤት ፈልጋ አጣች አሉኝ ቀባሪዎቹ አሉ። ከዚያ እንጀራውን እየቆረሱ፣ "እኔ ኖሬ ቢሆን እዚህ ባደረች" አሉ።

እናቴ ወጡን ልታማስል ተነሣች። ወጡ ግን ወጥቶ መሶቡ ላይ ነበር። ባዶ ድስት አማሰለች። እኔ እናቴን አየሁ፣ እናቴ እኔን አየችኝ። አባቴ የዓለሙን ሞት ያስታወስን መስሏቸው መሆን አለበት፣ እግዚአብሔር ያጽናናን አሉ።

ዘሀራ ከቀብሩ ማግስት ወደ ልጆቹ መጣች። የእናቷን ኩታ አጥፋ ለብሳዋለች። ማንንም ሳታናግር ሸራው ፊት ሄዳ ቆመች። ቤታችን ያለበትን ቦታ ፈለገች፤ አጥሩን አገኘች፣ ውሻውን፣ አባቴን። በሩ አጠገብ ነጭ ቦታ ብቻ ነው ያለው። እጇን ነጩ ላይ አደረገች፤ ወደ እኔ ዞረች።

"እኛን የት አደረግሽን?" አለችኝ።

ዝናቡ ነው ያጠፋችሁ አልኳት። ዘሀራ ቀና ብላ ጣራውን አየች። በዚያ በኩል ጣራው አያፈስም ነበር፤ ከሥሩ ያለው ግድግዳም ደረቅ ነው። ጣራውን ጥቂት አይታ፣ እኔን ሳታይ፣ ወደ ሰሌኑ ተመለሰች።

በዚያው ሳምንት ከአገሯ የመጣች አንዲት ሴት፣ ከላላ የሚባል አገር ዘመድ አለኝ፣ ልጅቷን ይዣት ልሂድ ብላ ወሰደቻት። ሲሄዱ አይቻለሁ። ለገበያ ከሚሄዱ ሰዎች ጋር በእግር ነው የሄዱት። ሮጬ ልደርስባት እችል ነበር። ከመጋዘኑ በር ሳልነቃነቅ ከዓይኔ እስክትጠፋ ቆምኩ። ዘሀራ አልሞተችም ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ሌላውን ነገር ግን ደስታው አልሸፈነውም።

እርሷ ከሄደች በኋላ ሥዕሉን ልመልሰው ሞከርኩ። ልጆቹ ሁሉ ሲሄዱ ቀርቼ ነጩን አፈር በጥፍሬ መፋቅ ጀመርኩ። ሥሩ ያሉት ሰዎች የሚወጡ መስሎኝ ነበር። አፈሩ እየተፈረፈረ ሲወርድ ቀዩም አብሮ ወረደ። የከረጢቱ ክር ብቻ ቀረ። እየፋቅሁ ሳለ እትዬ ንግሥት ከኋላዬ ቆማ አገኘችኝ። ምን እያደረግሽ ነው አለችኝ። የዘሀራን እናት የገደልኳት እኔ ነኝ አልኳት። በምን አለች። በነጭ አፈር አልኳት።

አልሳቀችብኝም። መሬት ላይ ተቀመጠች። ያኔ እንደ እናቴ ያለች ትልቅ ሰው ትመስለኝ ነበር፤ አሁን ሳስበው ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት አትበልጥም። ወደ እናንተ ቤት ሂዱ ብዬ የላክኋቸው እኔ ነኝ አለችኝ። የታመመ ከልጆች ጋር እንዳያድር ሲባል ግራ ገባኝ። አንቺ ጋብዘሻቸው ስለነበር የቄሱ ቤት አያሳፍራችሁም አልኳቸው። ማንም የለም ተብለው ተመለሱ። ለቅሶ ሄዳችሁ መስሎኝ ነበር።

ከዚያ ፊቷን ወደ እኔ አዞረች። "አልነበራችሁም?"

"ነበርን" አልኳት።

ይህን ለሌላ ለማንም ተናግሬው አላውቅም፤ ለአባቴም። እትዬ ንግሥት አልተቆጣችኝም፣ አላባበለችኝም። እጄን ይዛ በጥፍሮቼ ውስጥ የገባውን ነጭ አፈር በነጠላዋ ጫፍ አንድ በአንድ ጠረገችልኝ። ጨርሳ፣ ሂጂ፣ ዝናቡ ሳይመጣ ግቢ አለችኝ።

ሥዕሉን ለገበሬዎቹ ስብሰባ ልታሳየው ነበር። ሳታሳየው ቀረች። ሐምሌ ላይ ዘማቾቹን ወደ ሌላ ቦታ አዛወሯቸው ተባለ፤ እርሷም ሳትሰናበተን ሄደች። ሸራውን የመጋዘኑ ዘበኛ አወረደው፤ ሰዎች ከዝናብ እህል እየሸፈኑበት ገበያ ሲሄዱ አንድ ሁለት ጊዜ አይቼዋለሁ። በወዲያ በኩል የነበሩትም ቤተሰቦች አንዳንዱ ወደ አጅባር፣ አንዳንዱ ወደ አገሩ ተበታተነ። ሰሌኑ ተነቀለ።

ፍልሰታ ሊገባ ሁለት ቀን ሲቀረው እናቴ ነጠላዋን አጥባ አጥሩ ላይ ስታሰጣ ጠራችኝ። ከዚያ ዕለት ወዲህ ስለ ነገሩ አንድም ቃል ተናግራ አታውቅም። አባቴ በቤት እንደሌሉ ካየች በኋላ፣ ያቺ ልጅ ስሟ ማን ነበር አለችኝ።

"ዘሀራ።"

ስሙን በአፏ ውስጥ ደገመችው። እንዳትረሳው የምትይዘው ይመስል ነበር። ነገ ለነፍስ አባቷ ልትናዘዝ እንደሆነ ነገረችኝ፤ አባትሽ አይስሙ አለች። ከዚያ፣ "የእናትየዋስ?" አለችኝ።

አፌን ከፈትኩ። ሸራውን ስትሰፋ ከጎኗ ውዬ ነበር። እግሬን ጉልበቷ ላይ አድርጋ እሾህ አውጥታልኛለች። አጥራችን በር ላይ ዝናብ እየመታት በስሜ ጠርታኛለች። ለእኔ ግን የዘሀራ እናት ነበረች፤ ሌላ ስም እንዳላት አስቤ አላውቅም ነበር። አላውቅም አልኳት።

እናቴ ነጠላዋን አጥሩ ላይ አሰጣች። ከዚያ ወደ መጋዘኑ ሄደች፤ ዘበኛውን ጠየቀች። አያውቅም። መስጊዱ ደጅ ሄዳ የቀበሯትን ሽማግሌዎች አስጠየቀች። እነርሱም፣ ስሟን የሚያውቁት የአገሯ ሰዎች ናቸው፣ እነርሱ ደግሞ ሄደዋል አሏት። ሲመሽ ተመልሳ መጣች፤ እግሯ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ነጭ ለብሳ ወደ ደብሩ ሄደች። እኔ አጥሩ ላይ ተቀምጬ ጠበቅኋት። ስትመለስ ፊቷ ላይ እፎይታ ፈልጌ ነበር፤ ሰው ከተናዘዘ በኋላ ይቀለዋል ሲሉ እሰማ ነበርና። አጠገቤ ስትደርስ ምን አሉሽ ብዬ ጠየቅኋት።

"የበደልሽው ማንን ነው አሉኝ" አለች። "የማላውቃት ሴት አልኳቸው።"

በሩን ከፍታ ገባች። እኔ ግን ተከትያት አልገባሁም፤ ውጪ ቆየሁ።